ለማን ብለው አጎነበሱ?

ስለ መንዝ ሰው ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ችክ ማለቱ ነው። ርስቱን ከነካህበት አይለቅህም፣ ጾሙን አይገድፍም፣ የተቀየመውን በልቡ ይዞ ዓመት ይጠብቃል ይባላል። ቀልዱም ተረቱም በዚሁ ዙሪያ ነው። ምሁራኑም ቢሆኑ ከዚህ ብዙ አልራቁም። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስመ ጥር መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያሳትም፣ የአማራን ባሕል የመዘነው በአብዛኛው መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ካየው ተነሥቶ ነበር። እዚያ ያየው ደግሞ ከድሮው ሥርዓት ንቅንቅ የማይል ገበሬ ነው።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ይህን መጽሐፍ ለተማሪዎቼ አስነብብ ነበር። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ የሞላሌ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ እኛ እንዲህ ግትር ከሆንን ቤተ መንግሥቱን እንዴት ወሰድነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ከሳቁ በኋላ አብሮኝ ቀረ።

ዛሬ «አመራር» የሚባለው ነገር በሆቴል አዳራሽ ሥልጠና ይሰጥበታል። የሻይ ዕረፍት አለው፣ ምሳ አለው፣ አበል አለው። እዚያ ከሚደጋገሙት ቃላት አንዱ «ራስን ከሁኔታዎች ጋር ማጣጣም» ነው። መሪ ግትር አይሁን፣ ነፋሱን ይወቅ፣ ይተጣጠፍ ይባላል። ማንም አይቃወምም፤ እኔም አልቃወምም። «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» ያሉት አባቶቻችን ያለ አሠልጣኝ የደረሱበት ነገር ነው። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ በአዳራሹ የማይነሣው ነገር ነው። መሪው ሲያጎነብስ ሸክሙ በማን ጀርባ ላይ ያርፋል? ይህን ለማየት ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የሸዋ ነገሥታት ግንድ ከመንዝ ነው። በ17ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ገደማ ነጋሢ ክርስቶስ ከዚያ ደጋ ተነሥቶ ዙሪያውን ካስገበረ በኋላ፣ ሹመቱን ለማስጸደቅ ጎንደር ድረስ ወጣ፤ እዚያው ሳለም ሞተ። በጉልበቱ የያዘውን አገር ለምን ሄዶ እንደገና ይለምናል? ግትር ሰው ይህን አያደርግም። ዘሮቹም ያንኑ ፈለግ ያዙ። ገበሬው የርስቱን ድንበር በድንጋይ ሲያጥር ጌቶቹ ዋና ከተማቸውን እንደ ድንኳን ይነቅሉ ነበር። አብየ ሐራምባ፣ አምኃ ኢየሱስ አንኮበር፣ ሣህለ ሥላሴ አንጎለላ፣ ምኒልክ ደግሞ ልቼ፣ እንጦጦ፣ አዲስ አበባ። ማዕረጋቸውም ደረጃ በደረጃ ነው የወጣው። መርዕድ አዝማች ሲባሉ ቆዩ፤ ወሰን ሰገድ ራስ ተባለ፤ ሣህለ ሥላሴ ንጉሥ ተባለ። ንጉሠ ነገሥት ለመባል አልተጣደፉም። የተጣደፈው ምኒልክ ብቻ ነው፤ እሱም ዋጋውን ከፍሎበታል፤ እንደርስበታለን።

ስለ መርሐቤቴ አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልለፍ። በ1805 ዓ.ም. ገደማ ራስ ወሰን ሰገድ ሲገደል የበኩር ልጁ በኩሬ መርሐቤቴን እየገዛ ነበር። አልጋው የእሱ ነው፤ ማንም አልተጠራጠረም፤ እሱም አልተጠራጠረም። ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ግን ከእናቱ ከዘነበ ወርቅ ወገን ያሉትን መንዞች ሰብስቦ ቁንዲ ገሠገሠና አልጋው ላይ ወጣ። በኩሬ ሲደርስ የጠበቀው ዙፋን ሳይሆን የጎንቾ እስር ቤት ነበር። መብቱ የእሱ እንደነበረ የተከራከረለት የለም። ሣህለ ሥላሴ ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ገዛ።

ወደ ልቼ ልመለስ። ልቼ ከደብረ ብርሃን ብዙም የማትርቅ፣ ዛሬ ስሟን የማያውቃት የሚበዛ ቦታ ናት። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ነበር። ያኔ አፄ ቴዎድሮስ ገና በሕይወት አሉ። በ1864 ደግሞ አፄ ዮሐንስ አክሱም ላይ ዘውድ ጫኑ። አንድ አገር፣ ሁለት ንጉሠ ነገሥት። ዮሐንስ በ1868 ግብጾችን ጉንደትና ጉራዕ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዞሩ። በጥር 1870 ጦራቸው መንዝ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የታሪክ መጽሐፎቻችን «ጦሩ መንዝ ገባ» ብለው ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ይሄዳሉ። የዚያ ዘመን ጦር ግን ስንቅ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስንቁ የገበሬው ጎተራ ነው፤ ማገዶው የገበሬው ቤት ክዳንና ማገር ነው፤ ሥጋው የገበሬው በግ ነው። ከዮሐንስ ጋር የመጣው ይበላል፤ ሊመክት የወጣው የሸዋ ጦርም ይበላል። ጥር ደግሞ ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ የገባበት ወር ነው። ለሠራዊት እንዲህ የሚመች፣ ለገበሬ እንዲህ የማይመች ጊዜ ከየት ይገኛል? የፖለቲካውን ጨዋታ ያየነው ከድንኳኑ ውስጥ ነው። ከጎተራው በኩል ቢታይ ሁለቱም ነገሥታት አንበጣ ናቸው።

ግጭቱ ከመግጠሙ በፊት ሽምግልናው ተጀመረ፤ ካህናቱ ተመላለሱ። ምኒልክ የራሳቸውን ጦር ያውቃሉ፤ የጠላታቸውን ጠመንጃ ደግሞ ከግብጽ የተማረከ መሆኑን ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት ወደ ሰሜን ዘምተው ሳለ ከኋላቸው የተነሣባቸው ሴራ ገና አልጠራም፤ የገዛ ባለቤታቸው ባፈና ስም እዚያ ውስጥ ይነሣ ነበር። ስለዚህ አጎነበሱ። በመጋቢት 1870 በእግራቸው፣ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ዮሐንስ ፊት ቀረቡ። «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ተዉ፤ ግብር ሊገብሩ ቃል ገቡ። በምትኩ «ንጉሠ ሸዋ» ተብለው ዘውዱን ከዮሐንስ እጅ ተቀበሉ። ሸዋን ከነጦራቸው ይዘው ቀሩ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1881፣ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ድንጋዩን የተሸከመው አንገት ያንን የተወውን ማዕረግ መልሶ አገኘ።

የአመራር አሠልጣኞቻችን ይህን ታሪክ ቢያውቁት ኖሮ ሁልጊዜ ይጠቅሱት ነበር። እኔ ግን ከምኒልክ ይልቅ የሚገርሙኝ ዮሐንስ ናቸው። ደካማው ማጎንበሱ ያለ ነው፤ ሌላ ምን ምርጫ አለው? ጉልበት ያለው ሰው ከግማሽ መንገድ መቆሙ ነው ብርቁ። ዮሐንስ ሸዋን ማቃጠል ይችሉ ነበር። ያንን ትተው ባላንጣቸውን ከነጦሩ ዘውድ ጭነው ሄዱ። ቀይ ባሕር ላይ ዓይናቸውን የጣሉ ባዕዳን እንዳሉ ስለሚያውቁ የአገር ቤቱን ጦርነት በቃል ኪዳን ዘጉት። ይህን የሚያህል መለሳለስ በኋለኛው ታሪካችን ስንት ጊዜ አየን?

ታዲያ ሒሳቡን ማን ከፈለ? ልቼ ላይ ካጎነበሱት ከምኒልክ ጀርባ ላይ ሸክሙ ወርዶ የት ሄደ? ብዙም ሳይቆይ፣ በግንቦት 1870፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተጠራ። ሁለቱ ነገሥታት ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሸዋ ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ የመጣው፣ የአያታቸው የሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ደግፎት የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት እዚያ ተወገዘ። ያንን ትምህርት ሲያስተምሩ የሸበቱ ሊቃውንት ወይ ካዱ ወይ ተቀጡ። የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከባላባቶቹ መካከል መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ ክርስትና ያነሧቸውም ምኒልክ ናቸው። ለባላባቱ ጥምቀቱ ሹመት ይዞ መጣ። ለተራው ሰው ግን ይዞ የመጣው ስደትና ሽፍትነት ነው፤ እምቢ ብሎ የተገደለም ብዙ ነው። የምኒልክ ወዳጅ የነበሩት ካቶሊካዊው ጳጳስ ማሳያም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ንጉሡ ከሰጡት ውስጥ አብዛኛው የሰው ንብረት ነበር፤ የሊቃውንቱ ሃይማኖት፣ የወሎዬው ሃይማኖት፣ የመንዝ ገበሬ ጎተራ። ከራሳቸው የሰጡት ማዕረግ ነው፤ እሱንም በኋላ ወስደውታል።

ይህን ስጽፍ ምኒልክን ለመውቀስ አይደለም። ባያጎነብሱ ኖሮ መንዝ ሁለት ጊዜ በተበላ ነበር፤ ሊቃውንቱም በሌላ መንገድ ያው ይቀጡ ነበር። ግን ሂሳብ ሂሳብ ነው።

ከልቼ 60 ዓመት ወደዚህ እንምጣ። ጣሊያን አገሩን ይዟል። ከጦርነቱ በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት፣ የራስ ጎበና የልጅ ልጅ አበበ አረጋይ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይዋጋሉ። የእሳቸው አመራር እጥፍ ዘርጋ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ መንዝ፣ ነገ መርሐቤቴ፣ ከነገ ወዲያ ተጉለት ወይም ጅሩ። ጠላት ኃይሉን ሲያሰባስብ ይበተናሉ፤ ሲበተን ይሰበሰባሉ። ያን ጦር ለአምስት ዓመት በሕይወት ያቆየው ይህ ነው፤ ተራራ ይዞ እሞታለሁ ያለ መሪ ቢሆን ኖሮ በአንድ ክረምት ባለቀለት።

ነገር ግን አርበኛ ብቻውን አይደለም። ሚስት አለችው፣ ልጅ አለው፣ አሮጊት እናት አለችው፣ የቆሰለ ወንድም አለው። እነዚህ አይበተኑም፤ አይሰበሰቡም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ የጣሊያን ጦር ሲያሳድዳቸው ከአበበ አረጋይ ወገን የሆኑ፣ ተሾመ ሻንቁጥ የሚመሯቸው ብዙ ሰዎች መንዝ ውስጥ፣ ዘረት አካባቢ ካለ ትልቅ ዋሻ ገቡ። አመጸኛ ዋሻ ይባላል። ከገደል ሥር ነው፤ በጠመንጃ የሚደፈር አይደለም። ጣሊያኖች ይህን ሲያዩ የመርዝ ጋዝ ክፍላቸውን አስመጡ። ዋሻው አፍ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቁ። ተሾመና ጥቂት ሰዎች በሌሊት ሰብረው ወጡ። የቀሩት ከቀናት በኋላ እጃቸውን ሲሰጡ ወንዶቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተረሸኑ። የጣሊያኖቹ የራሳቸው ሰነድ የተረሸኑትን 800 ያደርሳቸዋል። ሴቱና ሕፃኑ ከጋዙ ነው ያለቀው።

ይህ እልቂት እኔ ስማር በታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ አልነበረም። ያካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ ሌላው አያውቅም ነበር። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በአገሩ መዝገብ ቤት ካገኘው ሰነድ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሻው ድረስ መጣና ለዓለም አሰማው። ከእሱ በኋላ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ገብተው አጥንቱን፣ ቀለሃውን፣ ተሸክመውት የገቡትን የቤት ዕቃ ስብርባሪ መዘገቡ። የቤት ዕቃው ነው እኔን የሚያብከነክነኝ። ለመዋጋት የገባ ሰው እንቅብ ይዞ አይገባም።

አሁን ደግሞ የሚከተለውን እዩ። ዓመት ሳይሞላው፣ በ1932 ዓ.ም.፣ ራስ አበበ ከጣሊያኑ ጄኔራል ናዚ ጋር የእርቅ ንግግር ውስጥ ናቸው። መልእክተኛ ይመላለሳል፣ ስጦታ ይመላለሳል። ጣሊያኖቹ «ሊገባ ነው» ብለው ቀን ቆጠሩ። ወራቱ ተንከባለሉ፤ ሰውዬው አልገቡም። ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ ዓለም ጦርነት ውስጥ ራሱን ጨመረ፤ እንግሊዞችም ያን ጊዜ ነው አርበኞቻችን ትዝ ያሏቸው። በሚያዝያ 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ራስ አበበ አርበኞቻቸውን አሰልፈው ተቀበሉ።

ያ ንግግር ዘዴ ነበር ወይስ የምር? የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዱ ጊዜ መግዣ ነበር ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁኔታው ቢመች ኖሮ ይገቡ ነበር ይላል። እኔ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ። ጥሩ ተደራዳሪ ሁለቱንም በር ከፍቶ ነው የሚያነጋግረው፤ የቱን እንደሚዘጋ ራሱም ቢሆን እስከ መጨረሻው ላያውቅ ይችላል። ጦሩ ተዳክሟል፤ ሕዝቡ ተርቧል። ከዘረት የወጣ መሪ «ጥቂት ወራት አሳርፈኝ» ቢል ምን ይደንቃል? በዚያ ዓመት የተገኘው ፋታ ለጠመንጃ ያዡ ብቻ ሳይሆን እንቅብ ለያዘችውም ነበር። ከልቼው ማጎንበስ የምለየውም በዚህ ነው። የልቼው ሸክሙን ወደ ታች አወረደ፤ ይኸኛው ቢያንስ ለጊዜው ከታች ካለው ጀርባ ላይ አነሣ። አንዳንድ አርበኞች «ከነፍሰ ገዳይ ጋር ስጦታ ትቀባበላለህ?» ብለው ተቆጥተው ቢሆን አልፈርድባቸውም። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እቆጣ ነበር።

እስካሁን የነገሥታትና የራሶች ወሬ ነው። የሞላሌው ተማሪዬ ጥያቄ ግን ስለ ቤተ መንግሥት ቢሆንም ትክክለኛው መልሱ ሣር ላይ ነው ያለው ብል አትሳቁብኝ።

ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ጓሳ የሚባል ሰፊ ደጋ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺሕ 200 ሜትር ይጀምርና 3 ሺሕ 700 ይደርሳል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ቀበሮ አለበት፤ ጭላዳ በመንጋ ይውልበታል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር ረጅም፣ ጠንካራ፣ ዝናብ የማያሳልፍ ነው። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛው ለዝናብ የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል። መንዝ ላይ ዛፍ የለም፤ ብርድ አለ። ሣሩ ካለቀ ቤት የለም ማለት ነው።

ይህን የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። ዛሬ ይህ ቃል ሲነሣ ሌላ ነገር ትዝ እንደሚለን አውቃለሁ፤ የመንዙ ቄሮ ሌላ ነው፤ እድሜውም በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ጓሳ የአስቦና የጌራ ዘር የሚባሉት ሰዎች የጋራ ርስት ነበር። አስቦዎች አንድ፣ ጌራዎች አንድ አባ ቄራ ይመርጣሉ። አባ ቄራው ጓሳውን ይዘጋል። ሲዘጋ ሣር አይታጨድም፣ ከብት አይገባም፣ እንጨት አይለቀምም። ሦስት ዓመት ሊዘጋ ይችላል፤ አምስትም ሊሆን ይችላል። ጥበቃው በተራ ነው፤ አባወራ ሁሉ ይወጣል። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቤት ይነገራል። በበጋው እምብርት ላይ ይከፈታል። መጀመሪያ ሰው ያጭዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ዕለት፣ ሁሉም ለቆ ይወጣል።

ብዙ ጽሑፎች ይህን ሲያወድሱ አንብቤያለሁ፤ የሚገባው ነው። ግን አንድ የሚያልፉት ነገር አለ። ዘሩ ከአስቦ ወይም ከጌራ ያልሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም። መጤው፣ ጭሰኛው፣ የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ማስረዳት ያልቻለው ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ነው። ብርዱ ግን ዘር አይጠይቅም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ርስት ቀረ። ርስት ሲቀር ቄሮም የቆመበት መሬት ከእግሩ ሥር ተነሣ። አባ ቄራው የፊውዳል ርዝራዥ ሆነ። ያን ሰሞን መንዝ ውስጥ የነበረውን ሁኔታ አስቡ። የራስ ብሩ ልጆች መስፍንና መርዕድ ደርግን እምቢ ብለው እዚያው ደጋ ላይ ሸፍተዋል፤ ወታደር ይርመሰመሳል። «የአባቶቼን ሥርዓት አልለቅም» ብሎ አደባባይ የወጣ የጓሳ ሽማግሌ ቢኖር ዕጣው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በሌላ በኩል ጓሳው ክፍት ሆነ። ትናንት የተከለከለው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ገባ፤ እውነት ለመናገር ደግሞ የመግባት መብት ነበረው። ሣሩ ማለቅ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው እኔ በመሪነት ትምህርት ቤት ሁሉ ቢነገር የምመኘው። የድሮው ቄሮ ሽማግሌዎችና አዲሶቹ የገበሬ ማኅበር ሰዎች ቁጭ ብለው መከሩ። ቄሮ የሚለው ስም ቀረ። ቦታውን ዕድር ወሰደው። ዕድርን የትኛው መንግሥት ይጠላዋል? ሰው የሚቀብር ማኅበር ነው። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ደርግ ኮሚቴ ይወዳል። የቀበሌ ሊቀመንበሩ ራሱ ውስጡ ገባ፤ ስለዚህ ኮሚቴው መንግሥት ሆነ። አባ ቄራው ሲሠራው የነበረውን ሥራ፣ መዝጋቱን፣ ጥበቃውን፣ ሣሩ ሲደርስ መክፈቱን፣ ኮሚቴው ይሠራው ጀመር። የተለወጠው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ዘር መቁጠር ቀረ። አስቦም ሆነ ጌራ፣ መጤም ሆነ የቀድሞ ጭሰኛ፣ ነዋሪ የሆነ ሁሉ ድርሻ አገኘ፤ የጥበቃው ተራም ደረሰው።

እዚህ ላይ ያጎነበሱት ሽማግሌዎች የሰጡት የራሳቸውን ነው። የሰው ሃይማኖት አልሸጡም፤ የሰው ጎተራ አልከፈቱም። አያት ቅድመ አያታቸው የሞቱለትን የዘር መብት ነው ከእጃቸው አውጥተው ለጎረቤታቸው ያካፈሉት። በምትኩ ያተረፉት ደግሞ ለሁሉም የሚሆን ሣር ነው። በፈቃዳቸው ብቻ አደረጉት አልልም፤ ጠመንጃው ከጀርባ ነበረ። ግን ጠመንጃ ከጀርባቸው የነበረ ስንቶች ናቸው ይህን ያላደረጉት?

ደርግ በ1983 ወደቀ፤ ኮሚቴው አልወደቀም። እንደገና ራሱን አሻሻለ፤ በኋላ ሴቶችም ገቡበት። በ2000ዎቹ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ከክልሉ መንግሥት የሕግ እውቅና አገኘ። ዛሬ ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚያድርበት ማረፊያ አለ።

አንድ ጊዜ እዚያ ሄጄ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። ስለ ድሮው ጠየቅኋቸው፤ ስለ አሁኑ ነገሩኝ። መሬት ያላገኘው ወጣት እየበዛ ነው። ገብሱ በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማሳው ጓሳው ጠርዝ ላይ ደርሷል። ጎጆውን በቆርቆሮ የከደነ ደግሞ ሣሩን እንደ ድሮው አይፈልገውም፤ ታዲያ ስለ ምን ብሎ ጥበቃ ይወጣል? በ1967 ከአጥሩ ውጭ የነበረው መጤው ነበር። አሁን ከአጥሩ ውጭ ያለው የራሳቸው ልጅ ነው። ኮሚቴው ይህን እንዴት እንደሚፈታው እየተከራከረበት ነበር፤ ክርክሩም ከእኔ መምጣት በፊት የተጀመረ፣ ከሄድኩ በኋላም የቀጠለ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጥያቄዬ እንደ ሰለቻቸው ዓይኔን እያዩ ተነሡና፣ የዚያን ቀን የጥበቃ ተራ የእሳቸው ስለነበር ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ጓሳው ወጡ።